የአያ ጅቦ ነጭ ሽርጥ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት እርስ በርስ ከመበላላት አንድ ላይ መብላት ይሻላል ብለው በተስማሙበት ዘመን፣ አንበሳ ወንዝ ዳር ትልቅ ምግብ ቤት ከፈተ። ሥጋው ከየት ይመጣ እንደነበር አይነገርም፤ እኛም ባንጠይቅ ይሻላል። የወጥ ቤቱ ሹም አያ ጅቦ ነበር። ሹመቱን ያገኘው በሙያው አይደለም፤ «ሥጋ የሚወድ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከሁሉም ቀድሞ እጁን ስላወጣ ነው።

በሹመቱ ቀን ነጭ ሽርጥ ተሰጠው። ዕድሜ ልኩን ከየደጁ በድንጋይ ሲባረር የኖረው ጅብ፣ አሁን አላፊ አግዳሚው «እንዴት ዋሉ፣ ሹም!» ሲለው ልቡ በደስታ ይሞላ ነበር። ሽርጡን ከወገቡ ለመፍታት ሳሳ፤ ስላልፈታውም አላጠበውም። ነጭነቱ ከሹመቱ ቀን አላለፈም።

እቃ አጣቢዋ አህያ ነበረች። እሷ ደግሞ አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ አለችው፦

«አያ ጅቦ፣ ይህ ጉበት ከትናንት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው ያለው። ዝንቡን አያዩትም?»

«ዝንብ የወደደው ነገር መጥፎ አይሆንም» አለ ጅብ።

«ጥሬ ሥጋ በከተፉበት መክተፊያ፣ ሳይታጠብ ጎመን ሊከትፉበት ነው እኮ! እጅዎንስ ታጥበዋል?»

«እጄን? ቅድም ልሼዋለሁ!»

ይህን ብሎ ከጉበቱ ትልቅ ቁራጭ አነሣና ሳያላምጥ ዋጠ። ደረቱን ነፍቶም ቆመ። «አየሽ? በልቼ ቆሜያለሁ! ምግቡ ደህና ነው ማለት ነው።»

በዚያ ወጥ ቤት ከዚህ ሌላ ምርመራ አልነበረም። የጅብ ሆድ አጥንቱንም፣ ቆዳውንም፣ የሰነበተውንም ተቀብሎ ዝም ይላል። አያ ጅቦ ግን የሁሉም ሆድ እንደ እሱ ሆድ ይመስለው ነበር።

«ግድ የለም፣» አለች አህያ፣ «ዛሬ ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች።»

ተቆጣጣሪዋ እመት ቀበሮ መጣች። ዝንቡን አየች፤ መክተፊያውን አየች፤ ከግድግዳው ስንጥቅ በረሮ ብቅ ሲልም አየች። አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ከቦርሳዋ ማኅተም ያለበት ሰፊ ወረቀት አወጣች።

«‹እጅግ ንጹሕ› ይላል። ስንጥቁ ላይ ስቀለው፤ በደንብ ይሸፍንልሃል።»

ጅብ እንባው መጣ። ማንበብ አይችልም፤ ማኅተሙ ግን ትልቅ ነበር። «እመት ቀበሮ፣ እባክዎ ምሳ ቅመሱልኝ!»

«ውይ፣ ጾም ላይ ነኝ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው!» አለች አህያ ከእቃ ማጠቢያው።

«የግል ጾም ነው» አለች ቀበሮ፣ ዘወር ብላ እንኳ ሳታያት። «ይልቅ አሁን የገባ ሥጋ ካለ፣ ማንም ሳይነካው በቅጠል ጠቅልሉልኝ። ቤቴ ሄጄ ራሴ እቀቅለዋለሁ።»

በማግስቱ አንበሳ ጅብን አስጠራው። «ነገ ከወንዙ ማዶ ነብሮች ለእርቅ ይመጣሉ። ምግቡ ካማረ ሽርጥህን በወርቅ አስጠልፍልሃለሁ። ካሳፈርከኝ ግን ሽርጡን ታወልቃለህ።»

አያ ጅቦ ወርቅ ያለበትን ሽርጥ እያሰበ ዋለ። ሐሙስ ዕለት ያንኑ ጉበት ከተፈው። ሽታው ሲያስቸግረው በርበሬ ጨመረ፤ አልጠፋም፤ ቅቤ ጨመረ። በዚያው መክተፊያ ሥጋ ለማይበሉት ሚዳቋዎች ጎመን ከተፈ። ከዚያ አንድ ትሪ ሙሉ ቀመሰና «በልቼ ቆሜያለሁ! ይቅረብ!» ብሎ ጮኸ።

ከምሳ በኋላ የነብሮቹ ሽማግሌ ስለ እርቅ ሊናገር ተነሣ። «ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን...» አለና ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ሚዳቋዎቹ ተነሥተው ሮጡ። አንበሳም ክብሩን ረስቶ ተከተላቸው። ሁለቱ ወገኖች እርቁን ሳይጨርሱ አንድ ቁጥቋጦ ላይ ተጋፉ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው በሙሉ ያቃስት ነበር። አንበሳ ጭንቅላቱን በግድ ቀና ሲያደርግ የቆሙ ሦስት ብቻ አየ።

«እናንተ እንዴት ቆማችሁ?»

«እኔ ከቤቴ ሣር ይዤ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ» አለች አህያ። «መክተፊያውን አውቀዋለኋ።»

«እኔ ጾም ላይ ነኝ» አለች ቀበሮ።

አያ ጅቦ የወርቁ ጥልፍ ታየው። «እኔ በልቼ ቆሜያለሁ፣ ጌታዬ! ከሁሉም አብልጬ በልቼ!»

«ሰማችሁ?» አለ የነብሮቹ ሽማግሌ ጥፍሩን እያወጣ። «ሁላችንን ጥሎ እሱ ቆሟል። መርዞናል!»

ጅብ ደነገጠ። ያን ያህል የተማመነበት ቃል በአንድ አፍታ ጠላቱ ሆነ። ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ምን ትገተራለህ? ውደቅ እንጂ! ሆዴን በል!»

አያ ጅቦ ዘፍ አለ። «ዋይ ሆዴ! ጉበቱ ነው! ጉበቱ ገደለኝ!»

ቀበሮ ወዲያው ወደ አንበሳ ዞረች። «ሰሙ፣ ጌታዬ? ምግቡ የተበላሸ መሆኑን ሹሙ ራሱ መሰከረ። እኔ ማክሰኞ ሳየው ንጹሕ ነበር፤ ወረቀቱም አለ።»

ጅብ ዘሎ ተነሣ። «ኧረ ደህና ነኝ! ምንም አልሆንኩም!»

«እንግዲያው መርዘኸናል!» አለ ነብር።

ጅብ እንደገና ወደቀ። ሦስት ጊዜ ወደቀ፣ ሦስት ጊዜ ተነሣ። አንበሳ ሆዱን ይዞ እያለም ሳቁ ሊያመልጠው ደረሰ። በመጨረሻ «በቃ፤ አውልቅ» አለው።

ሹመቱ ለአህያ ተሰጠ። ሽርጡን በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችው፤ ነጭ እስኪሆን አራት ውሃ ለወጠች። ቀጥላ ግድግዳውን ልታጥብ ወረቀቱን አወረደችው። ወፍራም ስለነበረ አልጣለችውም፤ ጥራጊ ታፍስበታለች። እመት ቀበሮም ለቁጥጥር በመጣች ቁጥር አንድ ሳህን ይቀርብላታል፤ ሳትበላ መፈረም ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ እጅግ የተሳለ ሆኗል ይባላል።

አያ ጅቦ ደግሞ የቆሻሻ ጉድጓድ ጠባቂ ተደረገ። አህያ የጣለችውን ሁሉ ይበላል፤ አንድም ቀን አልታመመም። ጠግቦ ሲጨርስ «በልቼ ቆሜያለሁ!» ይላል፤ የሚሰሙት ዝንቦቹ ብቻ ናቸው። ገመድ ላይ የተሰጣውን ነጭ ሽርጥ ባየ ቁጥር ግን ሆዱ ይባባል።

ከዚህ የምንማረው ለሌላው የሚያበስል ሁሉ ምግቡን መመዘን ያለበት በራሱ ሆድ ሳይሆን በሚበላው እንግዳ ሆድ መሆኑን ነው።