ሐሙስ የሚወጣ ጸሎት

አንዲት እናት ነበረች። ነበረች ስል አሁንም አለች፤ እዚሁ አዳማ ነው የምትኖረው። አትዙሩ! ወደ ኋላ አትዙሩ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለችም፤ የሌላ ጉባኤ ሰው ናት። ታሪክሽን ለምእመናን ልናገር ብዬ ብለምናት፣ «ፓስተር፣ መጀመሪያ ልጄን ላስፈቅድ» አለችኝ። ሄዳ አስፈቅዳ መጣች። «ስማችንን ካልጠራ ይናገር ብላለች» አለችኝ። ስለዚህ ልጅቷን ሃሴት እላታለሁ፣ ታናሽ ወንድሟን ኢዮስያስ እለዋለሁ፤ እውነተኛ ስማቸው ግን ይህ አይደለም። ለምን እንዳስፈቀደች እየቆየ ይገባችኋል።

ይቺ እናት ሥራዋ ምንድን ነው? ብሎግ ነው። እናቶቼ፣ ግንባራችሁን አትቋጥሩ፣ እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ብሎግ ማለት ኢንተርኔት ላይ ያለ የራስ ጋዜጣ በሉት። ባለቤቷም እሷ፣ ጸሐፊዋም እሷ፣ አራሚዋም እሷ። ስለ ልጅ አስተዳደግ ትጽፋለች፤ በየሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት አንድ ጽሑፍ ይወጣል። ሰው ያነባል። አንባቢ ሲበዛ ደግሞ የፓስታ ፋብሪካው፣ የደብተር አስመጪው «ማስታወቂያችንን አስገቢልን» እያለ ይመጣል። የቤቱ ኪራይም የልጆቹ ትምህርት ቤትም ከዚያ ነው የሚከፈለው።

«ይሄም ሥራ ሆኖ!» የምትሉ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። አዎ፣ ሥራ ነው! ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ኑሮው የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እሷም ውጪ ብትውል እነዚያን ጎረምሶች ማን ያያቸዋል? ጎረምሳ ያሳደገ ያውቃል። ሕፃን ሳሉ እንዳይወድቁ ነው የምትጠብቋቸው፤ ሲያድጉ ምን እንደሚጠበቅ ራሱ አይታወቅም! ስለዚህ ቤቷ ተቀምጣ፣ ሽሮዋን ጥዳ፣ ላፕቶፗን ከፍታ ትሠራለች። ሽሮው አንዳንዴ ያርራል። ማረሩንም ትጽፈዋለች፣ ሰዉም ይስቃል። እግዚአብሔር የእጇን ሥራ ባረከላት። አሜን አትሉም? ሰው ሲባረክ አሜን ማለት ልመዱ እንጂ!

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ ሐሙስ ነው። ሐሙስ በየሳምንቱ ይመጣል። ብትታመሙም ይመጣል፣ የምትጽፉት ብታጡም ይመጣል። ስለ ሽሮ ደግሞ ስንት ጊዜ ይጻፋል? ያኔ ዐይኗን ልጆቿ ላይ ጣለች። ኢዮስያስ ድምፁ ጎረነነ፣ ተጻፈ። ሃሴት አኩርፋ በሯን ዘጋች፣ ተጻፈ። ኢዮስያስ የመጀመሪያዋን የጢም ፀጉር በመስተዋት ሲፈልግ ተያዘ፣ እሱም ተጻፈ። ስማቸውን አትጠራም፤ «ትልቋ» እና «ትንሹ» ነው የምትላቸው። ግን እንዲያው በጌታ፣ እሷን የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ትልቋ» ማን እንደሆነች ይጠፋዋል?

ኢዮስያስ ቀልደኛ ነው። ምሳ ላይ ገና አፉን ሊከፍት ሲል፣ «እማዬ፣ ይሄ ለቤት ነው ለብሎግ?» ይላታል።

«ዝም ብለህ ብላ!» ትለዋለች እየሳቀች። ከዚያ ይህንንም ትጽፈዋለች።

ወላጆች፣ ልጆች ሲቀልዱ ስሟቸው። ፊት ለፊት ለመናገር ያልደፈሩትን ነው በቀልድ የሚናገሩት።

ይህ ቤተሰብ የጸሎት ቤተሰብ ነው። ከራት በኋላ ሳሎኑ መሐል ያለችው ምንጣፍ ላይ ይንበረከካሉ። እያንዳንዱ የጸሎት ርዕስ ያመጣል፣ ተራ በተራ ይጸልያሉ፣ ሌላው አሜን ይላል። እናንተም ቤት እንዲህ ነው። እንዲህ ነው አይደል? ዝም አላችሁ። እሺ፣ እሱን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

ሃሴት በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ቀይራ ነበር። አንድ ምሽት ተራዋ ሲደርስ ፊቷን በእጇ ሸፍና እንዲህ ብላ ጸለየች፦ «ጌታ ሆይ፣ በእረፍት ሰዓት ብቻዬን ነው የምቀመጠው። አንድ ሰው አጠገቤ ይቀመጥ። አንድ ብቻ ይበቃኛል።»

እናት አለቀሰች። የምሯን ነው ያለቀሰችው። ልጇን አቀፈቻት፣ ፀጉሯን ዳበሰቻት። እስከዚህ ድረስ ምን ይወጣላታል? ምንም አይወጣላትም፣ እናት ናት። በማግሥቱ ግን ላፕቶፑ ተከፈተ። ሐሙስ ጠዋት «የልጄ ጸሎት» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ወይ ጉድ! ሰው እንዴት እንደወደደው! ከጅማ ይጽፉላታል፣ ከደሴ ይጽፉላታል፤ «አስለቀስሽን፣ ተባረኪ» ይሏታል። የፓስታ ፋብሪካው ሰውዬ ራሱ ደውሎ «እህቴ፣ እንዲህ ያለውን አብዢልን» አላት። ይቺ ሴት ክፉ ናት? አይደለችም። የጻፈችው ውሸት ነው? አይደለም። ሰው አልተጽናናበትም? ተጽናንቶበታል። ግን ልብ በሉ፣ ወገኖቼ፤ ነገሩ መልካም ስለሆነ ብቻ የእኛ አይሆንም። ያ ጸሎት የሃሴት ነበር።

አርብ ዕለት ሃሴት በእረፍት ሰዓት እንደ ልማዷ ዛፉ ሥር ብቻዋን ተቀመጠች። የአንዷ የክፍሏ ልጅ እናት የብሎጉ አንባቢ ኖራለች፤ ቤት ውስጥ ጮክ ብላ አንብባዋለች። ያቺ ልጅ ደግሞ ጠዋት ለክፍሉ ሁሉ አዳርሳለች። የክፍሉ ሴት ልጆች ተንጋግተው መጡ። አንዷ በቀኟ፣ አንዷ በግራዋ፣ ሌሎቹ ከፊቷ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡና እየተንከተከቱ፣ «ጸሎትሽ ተሰማ!» አሏት።

አቤት! አንድ ሰው ነበር የለመነችው።

ቤት ስትገባ እናቷ «እንዴት ዋልሽ የኔ ቆንጆ?» አለቻት። «ደህና» አለች። ይቺን «ደህና» የምትባል ቃል ታውቋታላችሁ? ጎረምሳ ልጅ «ደህና» ብሎ ወደ ክፍሉ ካለፈ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፏል ማለት ነው።

ያን ምሽት ምንጣፉ ላይ ሃሴት እንዲህ ብላ ጸለየች፦ «ጌታ ሆይ፣ ለአገራችን ሰላም ስጥ። ለመሪዎች ጥበብ ስጣቸው። ዝናብም በወቅቱ ይዝነብ። አሜን።» ኢዮስያስ እህቱን አየት አደረጋትና እሱም ተከተላት፦ «ለታመሙት ፈውስ፣ ለመንገደኞች ጥበቃ። አሜን።» በማግሥቱም ይኸው። በሳምንቱም ይኸው። አገር፣ መሪዎች፣ ዝናብ።

እናት ምን አለች? ደስ አላት! «ልጆቼ በመንፈስ አደጉ፣ ከራሳቸው አልፈው ለአገር መጸለይ ጀመሩ» አለች። ብላ ዝም አለች? ሐሙስ ጻፈችው እንጂ!

ሳቁ፣ ግን በእሷ ላይ አትሳቁ። እኛም ብንሆን እነዚህን ልጆች መድረክ ላይ አውጥተን «ከእነዚህ ተማሩ» እንል ነበር።

አባት ከጅቡቲ ተመለሰ። የመንገዱን አቧራ ታጠበ፣ ራቱን በላ፣ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ልጆቹ ጸለዩ። አገር፣ መሪዎች፣ ዝናብ፣ በሽተኞች። አባት ዐይኑን ገለጠ።

«እናንተ ልጆች፣ እኔ መንገድ ላይ ሆኜ ፓርላማ ገባችሁ እንዴ?»

ኢዮስያስን ሳቅ አመለጠው። አባት ግን ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ሃሴትዬ፣ ለራስሽስ? የምትለምኚው የለሽም?»

«አለኝ አባዬ። የራሴን መኝታ ቤት ነው የምጸልየው።»

«ለምን? እኛ አብረንሽ አሜን ብንል ምን አለበት?»

ልጅቷ ምንጣፉን እያየች፣ ሳትቆጣ፣ ድምጿንም ሳታነሣ፣ «እዚህ የተጸለየ ሐሙስ ይወጣል» አለችው።

ከዚያ ዛፉ ሥር የሆነውን ነገረቻቸው፤ ማን ከየት እንደተቀመጠ፣ እንዴት እንደሳቁ፣ ሁሉንም። እናትየዋ ይህን ስትነግረኝ፣ «ፓስተር፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? ስለ ልጅ አስተዳደግ አገር ሙሉ እናቶችን እያስተማረች፣ የራሷ ልጅ ከእጇ እያመለጠች ነበር። አብራት እየበላች፣ አብራት እየተንበረከከች፣ ልጇን እያጣቻት ነበር።

እዚህ ጋ እናት አንድ ነገር ማለት ትችል ነበር። «እኔ እኮ ለእናንተ ብዬ ነው የምለፋው!» ይቺን አረፍተ ነገር ታውቋታላችሁ፤ የሁላችንም ኪስ ውስጥ አለች። ደግሞ እውነት ነው፣ ለእነሱ ብላ ነው የምትለፋው። ግን አላወጣቻትም።

«አጥፍቻለሁ ልጄ» አለች። «ይቅር በይኝ።»

«ሁሉም አንብቦታል እኮ እማዬ።»

«አዎ። እሱን መመለስ አልችልም።»

ተነሥታ ላፕቶፑን አመጣችና ጽሑፉን እዚያው ልጆቿ ፊት አጠፋችው። ከጻፈችው ሁሉ ሰው አብልጦ የወደደላትን፣ ፋብሪካው አብዢልን ያላትን፣ ያንን። ቀጥላ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ምንጣፉ ላይ የተባለ ምንጣፉ ላይ ይቀራል። ሌላውንም ቢሆን እናንተን ሳላስፈቅድ አልጽፍም» አለች።

«በጽሑፍ ይሁንልን» አለ ኢዮስያስ። አባቱ ኩርኩም አቀመሰው።

እና ብሎጉ ተዘጋ? ኧረ አልተዘጋም! ሐሙስ እንደሆነ መምጣቱ አይቀርም። በዚያ ሐሙስ ዩኒፎርም ላይ የፈሰሰ የእስክሪብቶ ቀለም እንዴት እንደሚለቅ ጻፈች። የፋብሪካው ሰውዬ ደወለ። «እህቴ፣ ያ የጸሎቱ ዓይነትስ?» አላት። «እሱ የእኔ አይደለም፣ የልጄ ነው። ፓስታ ሲቀቀል እንዳይጣበቅ ምን እንደሚደረግ ከፈለግህ እጽፍልሃለሁ» አለችው። ሰውዬው እያጉረመረመም ቢሆን ተስማማ። አንባቢም ትንሽ ቀነሰ። ቤቱ ግን አልጎደለበትም፤ ሽሮውም እንደ ድሮው ያርራል።

ሃሴትስ? ወዲያው ተመለሰች? አልተመለሰችም። እኛ ትልልቆቹ ይቅርታ ስንጠይቅ በነጋታው ሁሉ ነገር እንዲስተካከልልን እንፈልጋለን። ልጅ ግን ያያል። ሐሙስ መጥቶ ምን ይዞ እንደወጣ ያያል። በየምሽቱ ሃሴት «ለአገራችን ሰላም» ትላለች፣ እናት «አሜን» ትላለች። «ለመሪዎች ጥበብ»፣ «አሜን»። አልጎተጎተቻትም። «አጥፍቼዋለሁ እኮ፣ አሁንማ ንገሪኝ እንጂ!» አላለቻትም። በጋው እንዲህ አለፈ።

አንድ ምሽት ሃሴት እንደ ለመደችው ጸለየች። አገር፣ መሪዎች፣ ዝናብ። አሜን ትላለች ሲባል ዝም አለች። ኢዮስያስ ጨርሳለች ብሎ ሊነሣ ሲል እናቱ እጁን ያዝ አደረገችው።

«ደግሞ...» አለች ልጅቷ። «ደግሞ ጌታ ሆይ፣ ለእኔ...»

ምን ብላ ጸለየች? ማወቅ አማራችሁ አይደል? እኔንም አማረኝ። እናትየዋን ጠየቅኋት። ሳቅ ብላ፣ «ፓስተር፣ ምንጣፉ ላይ ቀርቷል» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተዘግቶብኝ ደስ ያለኝ በር የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «እኔ ብሎግ የለኝም» ብላችሁ ተዝናንታችሁ ተቀምጣችኋል። የላችሁም? ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የልጃችሁን የፈተና ውጤት ያወራችሁት ምን ላይ ነው? የሚስትህን ነገር ለሥራ ባልደረቦችህ እያሳቅህ የተረክኸውስ፣ ወንድሜ? ያ የዘመድ ቴሌግራም ግሩፕስ? «ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርሽ» እያላችሁ የእህታችሁን ገመና ከጆሮ ወደ ጆሮ ያዞራችሁትስ? ይቺ እናት ቢያንስ ሐሙስን ትጠብቅ ነበር። እናንተ ሐሙስን እንኳ አትጠብቁም!

ሥራችሁን ተዉ አላልኳችሁም። እሷም አልተወችም። ነጋዴው ይነግድ፣ ጸሐፊው ይጻፍ፣ እግዚአብሔርም ይባርክላችሁ። ግን በቤታችሁ ውስጥ ገበያ የማይወጣ አንድ ነገር ይኑር። እስቲ አስቡት፣ አባታችን እግዚአብሔር ከእናንተ ስንት ነገር ሰምቷል? በሩን ዘግታችሁ ያለቀሳችሁትን ሰምቷል። ለሰው ብትናገሩት የምትሞቱበትን ሰምቷል። ለማን ተናገረባችሁ? ለማንም! ለዚህ አይደል እንዴ ዛሬም ሄደን የምንነግረው?

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከልጆቻችሁ ጋር ተንበርከኩ። ምንጣፍ ባይኖር ሊሾውም ይበቃል። ለአገር ሰላም ሲጸልዩ ሞቅ አድርጋችሁ አሜን በሉ፤ አገርም ጸሎት ያስፈልጋታል። ግን ቶሎ አትነሡ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና እዚያው በጉልበታችሁ ቆዩ። «ደግሞ» እስኪሉ ድረስ ጠብቋቸው።