ፊት የሌለው ብር

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ በሮም አገር፣ ቴርጥዮስ የሚባል አንጥረኛ ነበር። እጀ ወርቅ ነው፤ ብልህም ነው፤ ግን ፈሪ። ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል ይባል የለ? እሱን ማለት ነው።

በዚያ አገር ሰው ሲነግሥ መልኩ በብር ላይ ይቀረጻል። ወታደርም ደመወዙን ሲቀበል መልኩን አይቶ "ንጉሤ ይህ ነው" ይላል። የሽፍታ መልክ ያለበት ብር ይዞ የተገኘ ግን ይሰቀላል። ይህችን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ ኡርባኖስ የሚባል ኩሩ የጦር አለቃ "ንጉሡ የወታደሮቼን ደመወዝ ከለከለ" ብሎ ሸፈተ። ቴርጥዮስን አስጠራና "መልኬን በብር ላይ አውጣልኝ" አለው።

ቴርጥዮስ ጨነቀው። እምቢ ቢል ኡርባኖስ ይገድለዋል። እሺ ቢል ንጉሡ ይገድለዋል። ቢሸሽ ሁለቱም ይፈልጉታል።

"ጌታዬ፣" አለ፣ "ሌላው ጦር ገና መልክዎን አያውቅም። ሁለት የተጨባበጡ እጆች ልቅረጽ። አንዱ የእርስዎ፣ አንዱ የወታደሩ። ያየ ሁሉ ወዳጅ ልሁን ብሎ ይመጣል።"

ኡርባኖስ ደስ አለው። ቴርጥዮስም መታ፣ መታ፣ መታና ሦስት ቁና ብር አወጣ። በልቡ ግን "ማንም ያሸንፍ፣ የእኔ አንገት ተርፏል" ይል ነበር። አያችሁት ተንኮሉን!

ጦርነት ሆነ። ኡርባኖስ ሞተ፤ ሦስት መቶ ወታደሮቹ ተማረኩ። ሲፈተሹ ያ ብር በየከረጢታቸው ተገኘ። አንተ ልጅ፣ አትቸኩል፤ እየደረስኩ ነው።

ንጉሡ ቴርጥዮስን አስቀረበው። "ይህ እጅ የማን ነው?"

"የእርስዎና የወታደርዎ ነው፣ ንጉሥ ሆይ።"

ንጉሡ ሞኝ አልነበረም። "ኡርባኖስ አስገድዶኝ ነው በል። አንተ ቤትህ ትገባለህ፤ እነዚህ ምርኮኞች ይሰቀላሉ። እጁ የማን ነው?"

ቴርጥዮስ ምርኮኞቹን አየ። ብሩን ሲመታ ያሰበው የራሱን አንገት ብቻ ነበር፤ እነሱ ትዝም አላሉትም። አሁን አፈረ፣ በጣም አፈረ። "የእርስዎ ነው" አለ።

"ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ከዋሸህ አብረህ ትሰቀላለህ።"

ቴርጥዮስ "እንግዲያው ከእኔ ይጀመር" አለ። "እጁ የእርስዎ ነው።"

ንጉሡ ብሩን አገላብጦ አየ። እነዚህን ቢሰቅል ጠረፉን ማን ይጠብቅለታል? ደመወዛቸውን የከለከለስ ማን ነበር? እሱንም አሰበ።

"የእኔ እጅ ከሆነማ፣" አለ በመጨረሻ፣ "እጄን በእጄ አልቆርጥም። ፍቷቸው።"

ቴርጥዮስን ግን "አንተ ዋሽተኸኛል" ብሎ መዶሻውን ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ብር መትቶ አያውቅም፤ የእንጨት ማንኪያ እየጠረበ ኖረ። ደንበኛ ግን አላጣም፤ ሦስት መቶ ነበሩት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ራስን ለማዳን ብልሃት ለሁሉም ትመጣለች። በዚያችው ብልሃት ሌላውን ለማዳን አንገቱን የሚሰጥ ግን፣ ሰው ማለት እሱ ነው። እኔ ጨረስኩ፤ አሁን ውኃ አቀብሉኝ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል።