የ«ኖር» መልስ

አንዲት የነርስ ተማሪ ነበረች፤ ምንትዋብ ትባላለች። ለተግባር ልምምድ ከቤተሰቧ ርቃ ወደማታውቀው ከተማ ተላከች። ከተማው ሰው የሞላበት ነው፤ ለእሷ ግን ባዶ ነበር። መኝታ ክፍሏ ስትገባ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። አንዳንድ ቀን ከታካሚ በቀር ማንንም ሳታነጋግር ይመሻል። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ይበላል።

በተመደበችበት ክፍል፣ በሩ አጠገብ ባለው አልጋ፣ አባባ ቸኮል የሚባሉ ሽማግሌ ተኝተዋል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል፤ መነሳት ክልክል ነው። እሳቸው ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር እያጉተመተሙ ብድግ ለማለት ይታገላሉ። አንዴም ወድቀዋል። ጠያቂ የላቸውም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል! ቸኮል እንደ ስማቸው ናቸው» አለች የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለ፣ የመርፌ ትሪዋን እንደያዘች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ሥራው ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ነው። «አእምሯቸው ትንሽ ተነክቷል። ድጋሚ ከወደቁ አይተርፉም። እጃቸውን ከአልጋው ጋር እሰሪልኝ።»

ምንትዋብ በፋሻ አሰረቻቸው። ሽማግሌው አልተቆጧትም። እጃቸውን አይተው፣ እሷን አይተው፣ «ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?» ብቻ አሏት። ቋጠሮውን ትንሽ አላልታላቸው ወደ ሌላው አልጋ አለፈች።

በማግስቱ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ሰውዬው እንደታሰሩ አንገታቸውን ከትራሱ አነሱ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

«ኖር!» ይላሉ።

ወይ ጉድ! ሰውዬው ለካ አላበዱም፣ ሊያመልጡም አልሞከሩም። ሰው ሲገባ ተነስቶ «ኖር» ማለት ያደጉበት ወግ ነው። «በእግዜር» ብሎ የሚያስቀምጣቸው ስላጡ ነው በተሰበረ ዳሌ የሚታገሉት።

«በእግዜር፣ አባባ! በእግዜር! ይተኙ» አለች እንባዋ እየመጣ።

ሽማግሌው እፎይ ብለው ራሳቸውን ትራሱ ላይ መለሱ። ፋሻውን ፈታችላቸው። ሌላ ሰው ሲገባም ጠጋ ብላ በጆሯቸው፣ «በእግዜር ብለዋል፣ አባባ» ትላቸዋለች፤ ይረጋጋሉ።

«ምን አድርገሽላቸው ነው?» አለች ሲስተር አስካለ ተገርማ።

«እንጃ፣ ስለለመዱኝ ይሆናል።»

ለምን ደበቀች? በዚያ ሁሉ ከተማ እሷን አይቶ ብድግ ሊል የሚሞክር እሳቸው ብቻ ነበሩ። የእኔ ብቻ ይሁኑልኝ አለች። አይ ብቸኝነት! ያገኙትን ትንሽ ነገር እንኳ ያሰስታል።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሕፃናት ክፍል ተዛወረች። ነገ እጠይቃቸዋለሁ እያለች ነገ በነገ ሄደ። በመጨረሻ ብርቱካን ገዝታ በመጠየቂያ ሰዓት መጣች፤ በሩን ከፈተች። የአባባ ቸኮል እጆች እንደገና ታስረዋል። አንገታቸው ግን ከትራሱ አልተነሳም።

«በእግዜር፣ አባባ!» አለች፣ ማንም «ኖር» ሳይላት። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ እንደተተከለ ቀረ።

«አንቺ ከሄድሽ በኋላ መከራችንን አሳይተውን ነበር። ስናስራቸው ከረምንና አሁን ይኸው አርፈው መተኛት ጀመሩ» አለች ሲስተር አስካለ።

ምንትዋብ አልቻለችም፤ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት። ሲስተር አስካለ ትሪዋን አስቀመጠች።

«ይቺን አንዲት ቃል ነው የነፈግሽን?» አለች። ብትቆጣት ይሻል ነበር።

ፋሻውን ተጋግዘው ፈቱት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር የሚገባ ሁሉ፣ ሐኪሙም ጽዳቷም ጠያቂውም፣ «በእግዜር» እያለ ይገባል። አባባ ቸኮል ግን ዳግመኛ «ኖር» አላሉም።

ወዳጆቼ፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒቱን አግኝቶ የሸሸገውስ ምን ይባል? ሰውን ፋሻ ብቻ አያስረውም፤ ሰላምታውን የሚመልስለት ማጣትም ያስረዋል። ዝም ያለ ሁሉ አርፏል አትበሉ። የታሰረን የፈታችሁበትን ቃል ለሌላው ሳታቀብሉ ከሄዳችሁ፣ መልሳችሁ አስራችሁታል።

ለመሆኑ፣ እናንተ በምትገቡበት ቤት፣ «ኖር» ብሎ መልስ ያጣው ማን ነው?