አርምሞ ይዟል የተባለው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። የሰው ቤት ቀለም እየቀባ፣ የሰው ግድግዳ እያሳመረ የኖረ። እሱ ራሱ ግን ተከራይ ነው። አከራዩ ቤቱን ሸጠና "ውጣ" ተባለ። ወጣ። ዘመድ ቤት ተጠጋ፤ እንግዳ ሲከርም ፊት እንደሚጠቁር ታውቃላችሁ፤ ከዚያም ወጣ። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ካርቶን አነጠፈ።

ወገኖቼ፣ ቤት ማጣት ጣሪያ ማጣት ብቻ ይመስላችኋል? መጀመሪያ እንቅልፉ ሄደ። ቀጥሎ ፊቱን መታጠብ ከበደው። ሥራ መፈለግ ነበረበት፤ ተነስቶ መቆም ራሱ ተራራ ሆነበት። ቤት በማጣቱ ልቡ ታመመ፤ ልቡ ስለታመመ ደግሞ ቤት መፈለግ አቃተው። መውጫው ወዴት ነው? በመጨረሻ ዝም አለ። ፈርቶ ነው ዝም ያለው። አፉን ቢከፍት የሚወጣው ጩኸት የማይቆም መሰለው።

አሁን የእኛን ጉድ ስሙ። አንዲት ምእመን ዳቦ ብትሰጠው አልመለሰላትም፤ አልበላምም። "አባ አርምሞ ይዘዋል" አለች። በቃ! ከንግግር የተለዩ፣ ከእህል የተከለከሉ መናኝ ተደረገ። ጺሙም አድጓል፤ ምን ቀረ? አንዱ ለልጁ ፈተና፣ አንዷ ለወገቧ፣ ሌላው ለቪዛው ጸሎት ለመኑት። ጉልበቱን ስመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ይሄዳሉ። የሚያናግረው ጠፋ። አርምሞ የያዘን ሰው ማን ያናግራል?

ለእሱ ግን ሞት መልካም ሆኖ ይታየው ጀመረ፤ ያንን ሐሳብ ፈራው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወርቅያንሱ የምትባል እናት መጥታ ተንበረከከች። "አባ፣ ልጄ ናሁሠናይ ከአልጋ አልነሳም አለኝ። አይበላም፣ አይናገርም። የድባቴ ሕመም ነው አሉኝ። ነገ ሆስፒታል ቀጠሮ አለው። ይጸልዩለት።"

ሰማችሁ? አይበላም፣ አይናገርም፤ በልጇ ሲሆን ሕመም ነው። በእሱ ሲሆን ግን ቅድስና!

"እኔንም ውሰጅኝ" ሊል ፈለገ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ልትሄድ ተነሳች። ይቺም ከሄደች አለቀልኝ ብሎ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠ።

"አሞኛል" አለ።

እልል! ደጁ በእልልታ ተናወጠ። "አባ ተናገሩ! የልጇን ደዌ ወደ ራሳቸው ወሰዱላት!" ሰው እየተጋፋ እጁን ሊስም መጣ። እሱ "አሞኛል፣ አሞኛል" ይላል፤ እነሱ እልል ይላሉ። ሰው እየሰመጠ፣ ሊያወጣው የሚገባው ሁሉ እጁን ይስማል። ከዚህ የሚያስፈራ ምን አለ?

በማግስቱ ወርቅያንሱ ልጇን ደግፋ ወደ ሆስፒታል ስትወስድ፣ ይባረክልኝ ብላ በዚያ አለፈች። ናሁሠናይ ጎንበስ አላለም። የሰውየውን ዓይን ትኩር ብሎ አየ። ያ ሳምንታት ሙሉ ያልተናገረ ጎልማሳ፣ "እማዬ፣ እኚህ ሰው እንደኔ ናቸው" አላት።

እናቲቱ ካርቶኑ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። "ወንድሜ፣ ስምህን ማን ልበል?"

"ደምሰው" አለና አለቀሰ።

አንድ ታክሲ ሦስቱንም ወሰዳቸው። ሐኪሟ ለደምሰውም መድኃኒት ካዘዘች በኋላ፣ "የት ነው የሚያድረው? ተመልሶ ካርቶን ላይ ከሆነ መድኃኒቱ ብቻውን ምን ያደርጋል?" አለች። ወርቅያንሱ የጓሮ ክፍሏን ከፈተችለት። ፈጽሞ ድኗል ብዬ አላታልላችሁም። ዛሬም አንዳንድ ቀን መነሳት ያቅተዋል። ግን በሩን አንኳክቶ "ደምሰው፣ ተነሣ እንጂ" የሚለው ሰው አለ።

ወገኖቼ፣ አርምሞ የያዙ እውነተኛ አባቶች አሉ፤ እነሱን አልነካም። እኔ የምፈራው እኛን ነው። ሰውን ቅዱስ ካልነው ቤት አያሻውም፣ ሐኪም አያሻውም፣ እኛንም አያሻውም። እብድ ማለትም እንደዚያው ይቀለናል። ሁለቱም ቶሎ ለማለፍ ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ታገኛላችሁ። ሳንቲም ወርውራችሁ ወይም ተሳልማችሁ አትለፉት። ጎንበስ ብላችሁ ስሙን ጠይቁት። ባይመልስላችሁ ነገም ጠይቁት። እሱ አሞኛል እያለ እኛ እልል ብለንበት እንደሆነስ? ይህን ሳስብ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም። እናንተንም አይውሰዳችሁ።