የጥርስ ሐኪሙ ውድ ኮምፒዩተር

«አንድ የጥርስ ሐኪም ነበረ» አሉ ዶክተር ጥላዬ። ጠያቂያቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ሰናይት ነበረች። የራሷን የጥርስ ክሊኒክ ለመክፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት የኮምፒዩተር ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ይዛ መጥታ፣ «ዶክተር፣ ከእነዚህ የትኛውን ብገዛ ይሻለኛል?» ብላቸው ነበር። ወረቀቱን ተቀበሏት፤ ሳያዩት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ቀጠሉ።

ሐኪሙ በአንዲት የቆላ ከተማ ይሠራ ነበር። እጁ ቀላል ነው እየተባለ ከሩቅ ገጠር ሁሉ ሰው ይመጣበታል። የታካሚዎቹ ካርድ አንድ ክፍል ሞልቶ መደርደሪያውን አጉብጦታል። ይህ ሰው አንድ ጊዜ ዋና ከተማ ሄዶ ትልቅ ክሊኒክ ሲጎበኝ፣ የአንድ ታካሚ መንጋጋ በሰፊ ስክሪን ላይ ተዘርግቶ አየ። ልቡ እዚያው ቀረ። ሁለት ዓመት ቆጠበና ያንኑ ዓይነት ኮምፒዩተር ገዛ።

ዕቃው የገባ ቀን ክሊኒኩ ሠርግ ቤት መሰለ። ጥርሱን የማያመው ሁሉ የጥርሱን ፎቶ ሊያይ ተሰለፈ። ሐኪሙም ምሳውን እየረሳ፣ ከነርሷ ከሲስተር አስካለ ጋር እየተጋገዘ የካርዱን ሁሉ ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባ። ሲጨርሱ ወረቀቱን ጓሮ አውጥቶ አቃጠለው።

«ዶክተር፣ ሌላ ቦታም ብንገለብጠው አይሻልም?» አለችው አስካለ ጢሱን እያየች።

«ለሌላ ዕቃ የሚሆን ምን ቀረኝ ብለሽ ነው? ደግሞ ገና አዲስ እኮ ነው» አላት።

አምስት ወር ሠሩበት። አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣ። ኮምፒዩተሩ ጧ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ስክሪኑም ጠቆረ።

ገና ግራ ተጋብተው ሳለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገቡ። ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸውን ደፍኖታል፤ እብጠቱ ወደ አንገታቸው መውረድ ጀምሯል። መርፌ ቶሎ ያስፈልጋቸዋል። ግን እኚህ ሰው ከዓመታት በፊት አንድ መድኃኒት ተወግተው ለጥቂት ነበር ከሞት የተረፉት። ሐኪሙ ይህን ያስታውሳል። የመድኃኒቱን ስም ግን ከካርዳቸው ወደ ኮምፒዩተሩ ከገለበጠው ወዲህ አላሰበውም።

«አባባ፣ ያ የማይስማማዎት መድኃኒት ማን ነበር ስሙ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ ልጄ? አንተ ጽፈህ አስቀምጠኸው የለም? አንተን አምኜ እኮ ነው የረሳሁት።»

የሐኪሙ ጆሮ ጋለ። ሰበብ መደርደር ይችል ነበር፤ «አባባ፣ ጠፍቶብኛል» አላቸው። ከዚያ ኮምፒዩተሩን በአንሶላ ጠቅልሎ ታቀፈ፣ በሌላ እጁ ሽማግሌውን ደገፈና ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ ትንፋሻቸውን ያዳምጥ ነበር። የዞኑ ከተማ ሲደርሱ እሳቸውን ለሆስፒታሉ ሐኪም አስረከበ። ሐኪሟም ታሪኩን ሰምታ፣ «ስሙን ቶሎ ካገኘህልኝ ሳንፈራ እንጀምራለን» አለችው። እሱ ወደ ኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ሮጠ።

የሱቁ ባለቤት ፈጣን እጅ ያላት ሴት ነበረች። ሽፋኑን ፈታ አየችው፤ ኃይል የሚቀበለው ክፍል ከስሏል። ጽሑፉ ሁሉ የተቀመጠበትን ዲስክ ነቀለችና፣ ጠረጴዛዋ ላይ ከነበረ ቀለሙ ከገረጣ አሮጌ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘችው። ጠበቁ። ምንም የለም። ገመዱን አውጥታ መልሳ ሰካችው። ድንገት ስሞች ስክሪኑ ላይ ይወርዱ ጀመር፤ አሥር፣ ሃያ፣ መቶ፣ ከተማው ሁሉ ከነመንጋጋው። ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። የሽማግሌውን ስም ሲያገኝ የሆስፒታሉን ቁጥር ለሴትዮዋ ነገራትና ደወለችለት።

«ፔኒሲሊን ነው! እሱን እንዳትሰጧቸው!»

«ገባኝ» አለች የሆስፒታሉ ሐኪም። «ሌላውን አሁኑኑ እንጀምርላቸዋለን።»

ሐኪሙ ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ሣቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ያኔ አሮጌውን ኮምፒዩተር ልብ ብሎ አየው።

«በዚህ ላይ ሁሉም ይከፈታል ማለት ነው?»

«ጽሑፍና የጥርስ ፎቶ እኮ ነው፤ ምን ያቅተዋል?» አለችው። «ዛሬ ግን እሳቱ ዲስኩ ጋ ስላልደረሰ ነው የተረፍከው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ስለመሆኑ ዋስ አልሆንህም።»

ሽማግሌው በሳምንቱ ድነው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ሐኪሙም በዚያው ሳምንት ሰው ያላሰበውን አደረገ። ዲስኩን ለራሱ አስቀርቶ ያን የሚወደውን ኮምፒዩተር አስጠግኖ ሸጠው። በገንዘቡ ሁለት ያገለገሉ ተራ ኮምፒዩተሮች፣ መብራት ሲዋዥቅ የሚከላከል ባትሪና ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ገዛ። ሁሉንም ከእሱና ከአስካለ በቀር ማንም በማያውቀው የይለፍ ቃል ቆለፈ። ሥራ ሲያበቃ የቀኑን ሁሉ ወደ ዲስክ ይገለብጣል፤ ሁለቱ ዲስኮች እየተፈራረቁ አንደኛው ቤቱ ያድራል። በየወሩም ዲስኩን ሌላኛው ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ ስሞቹ በእርግጥ መኖራቸውን ያያል። «ያ ትልቁ የት ሄደ?» እያሉ የሚያዝኑለት ነበሩ። እሱ ግን ስሞቹን ባየ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ዕቃ በገባ ቀን ከተሰማው የበለጠ ደስ ይለው ነበር።

ዓመት አለፈ። አንድ ሰኞ የክሊኒኩ በር ተሰብሮ ተገኘ። ሁለቱም ኮምፒዩተሮች፣ እዚያው የነበረው ዲስክም ተወስደዋል። አስካለ አለቀሰች። ሐኪሙ ቤቱ ሄዶ ያደረውን ዲስክ አመጣ፤ ከገበያም እንደ በፊቶቹ ያለ አንድ ኮምፒዩተር ገዛ። ቀትር ሳይሆን የመጀመሪያው ታካሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ወሬውን ሰምታ አንዲት አስተማሪ እየሮጠች መጣች። ልታገባ ወር ቀርቷታል፤ የፊት ጥርሷ ሰው ሠራሽ መሆኑን ከሐኪሙና ከነርሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በሩን ዘጋችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ የእኔ ነገር ሌባ እጅ ገባ?» አለችው።

«ዕቃው ገብቷል፤ ያንቺን ነገር ግን የሚያነበው የለም፤ ተቆልፏል። ይኸው እኔ ጋ እንዳለ ነው» ብሎ አሳያት። ልጅቷ ያን ጥርሷን ጨምሮ ሁሉንም አሳይታ ሣቀች።

ዶክተር ጥላዬ ወረቀቱን ከጉልበታቸው አንሥተው ለሰናይት መለሱላት።

«ያ ሐኪም አንቺ ነሽ፣ ሰናይት። ኮምፒዩተር ጎተራ ነው፤ እህሉ የሰው ነው፤ አንቺ ጠባቂ ነሽ። ሱቅ ስትገቢ ሻጩ ስለ ፍጥነቱ ያወራሻል። አንቺ ራስሽን ጠይቂ፤ ይህ ዕቃ ነገ ባይኖር ታካሚዎቼን በየስማቸው እየጠራሁ መቀበል እችላለሁ? ዕቃውን የያዘ ባዕድ ሰውስ ምስጢራቸውን ማየት ይችላል? ለዚህ የሚበቃሽን ዋጋ ክፈዪ። የተረፈሽን ታካሚ በደንብ የሚቀመጥበት ወንበር ግዢበት።»