የእማዋይሽ መቀመጫ

ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የሚያበጁ ሰዎች፣ አንድ ደንበኛ ይህን ንቀሉልኝ ያን ቀንሱልኝ እያለ ሲያስቸግራቸው ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ስለ ብረት የተነገረች ይመስለዋል። ነገሯ ግን የመጣው ከይርሳውና ከሚስቱ ከእማዋይሽ ነው።

ይርሳው የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር። እማዋይሽ ደግሞ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ከገባች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በተጋቡ በሰባተኛው ዓመት ይርሳው ከደመወዙ ቆጥቦ አንዲት የእሽቅድድም ብስክሌት ገዛ። እጀታዋ ወደ ታች የተቆለመመ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ ቀለሟ ሰማያዊ። ከዓይነቷ ርካሿ እንደሆነች ሻጩም አልደበቀውም፤ ማርሿ ሲቀየር ይንኳኳል፣ ፍሬኗ ቁልቁለት ላይ ይጮኻል። ይርሳው ግን ገና ሲያያት ወደዳት። የዚያኑ ዕለት ወደ ሽማግሌው ብስክሌት አበጅ ወደ አያ ሙጬ ወስዶ፣ ከኋላዋ የብረት መቀመጫ አስበየደና ስፖንጅ አለበሰው። በማግስቱ ጠዋት እማዋይሽን ጭኖ ፋብሪካው በር ላይ አወረዳት።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ። እማዋይሽ በጎን ትቀመጥና አንድ እጇን በወገቡ አዙራ፣ ጉንጯን ጀርባው ላይ ትለጥፋለች። ቤታቸው ውስጥ የይርሳው እናትና ሁለት እህቶቹ ስለሚኖሩ፣ ባልና ሚስት የልባቸውን የሚጨዋወቱት በዚያች የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። እሱ ስለ ተማሪዎቹ ይነግራታል፤ እሷ ስለ አለቃዋ ትነግረዋለች። አንዳንድ ቀን ስትስቅ ሳቋ በጀርባው ገብቶ ደረቱ ላይ ይሰማው ነበር።

እሑድ እሑድ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው ብስክሌት የሚነዱ ወዳጆች ነበሩ። አንድ ቀን ይርሳውም ተቀላቀላቸው። ሜዳው ላይ እኩል ሄደ፤ ዳገቱ ላይ ግን ጥለውት ወጡና ጫፉ ላይ ተቀምጠው ሸንኮራ እየመጠጡ ቆዩት። ማንም አልሳቀበትም፤ እንዲያውም ውሃ ሰጡት። እሱን ግን ከሚስቁበት ይልቅ መጠበቃቸው አመመው።

በሳምንቱ ጎማዋን በተሻለ ጎማ አስለወጠ። እውነትም ፈጠነች። ፈጠነች ብሎ ግን አላረፈም፤ ቀጥሎ ፔዳሉን፣ ቀጥሎ ኮርቻውን፣ ቀጥሎ ማርሹን። ማርሿ መንኳኳት የተወ ቀን እንደ ሕፃን ፈነደቀ፤ እማዋይሽም በደስታው ተደሰተች። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ቀላል ቸርኬ አስመጣ። አያ ሙጬ ቸርኬውን በአንድ ጣታቸው አንጠልጥለው አዩትና፣ ይህ አንድ ሰው እንጂ ሁለት ሰው እንደማይችል ነገሩት። የኋላው መቀመጫ ካልተነቀለ እንደማይሆን ይርሳውም ያውቀው ነበር።

ቤት ገብቶ ለእማዋይሽ ሲነግራት ቃሉን እየዋጠ ነው። እሷ ፊቱን ትኩር ብላ ስታየው ቆየችና፣ "ንቀለው። ሰው ሲጠብቅህ አትኑር፤ እኔ ባጃጅ አላጣም" አለችው።

መቀመጫው ተነቀለ። በቀጣዩ እሑድ ይርሳው ዳገቱን ከወዳጆቹ እኩል ወጣ፤ ነፋሱ ጀርባውን ሲነካው ግን ደስታው እንዳሰበው አልሆነለትም።

የመንገዱ ጨዋታ ወደ ቤት ሲገባ ደግሞ ነገር ተለወጠ። እማዋይሽ ዝም አለች። ከሌላ ክፍል ሲጠራት አትመልስም። ሲያጫውታት "እ" ብላ ታልፋለች፤ አንዳንዴም የጠየቃት ሌላ፣ የምትመልስለት ሌላ ይሆናል። ይርሳው በልቡ ተቀይማኛለች አለ። ራሷ ንቀለው ብላ ስታበቃ ማኩረፏ አናደደውና እሱም ጨዋታውን አሳጠረ። ወሩ ሳያልቅ በመካከላቸው "ደህና ዋይ" እና "እራት ቀርቧል" ብቻ ቀሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ እማዋይሽ ባጃጅ አጥታ በመንገዱ ጠርዝ በእግሯ ስትሄድ ከፊቱ አያት። በስሟ ጠራት። አልዞረችም። ቀረብ ብሎ ደግሞ ጠራት፤ አልዞረችም። እስከዚህ ካኮረፈችማ ብሎ ሊያልፋት ፔዳሉን ረገጠ። በዚያው ቅጽበት አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ጥሩምባውን እያስጮኸ ከኋላ መጣ። መንገደኛው ሁሉ ጥግ ጥጉን ያዘ። እማዋይሽ ግን ልትሻገር እግሯን አነሳች።

ይርሳው ብስክሌቷን ጥሎ ተወረወረና ክንዷን ይዞ ወደ ራሱ ጎተታት። መኪናው አልፎ አቧራው እስኪረግብ ድረስ እማዋይሽ ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ ያወቀችው የባሏን ፊት ስታይ ነው።

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይርሳው አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋና ጆሮዋ መስማት የተሳነው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት ዓመት እንዳለፈው ነገረችው። የሽመና ማሽኑ ጩኸት ነው ቀስ በቀስ የወሰደው። ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ አላት።

"አንተን እሰማህ ነበራ" አለችው። "ጆሮዬን ጀርባህ ላይ ሳደርገው ድምፅህ በአጥንትህ ይመጣልኛል። እሱ እስካለልኝ ድረስ የጎደለብኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።"

"ታዲያ ለምን ንቀለው አልሽኝ?"

"ደስ ብሎህ ነበራ።"

ይርሳው ከድንጋዩ ተነሳ። ብስክሌቷን ሲያነሳት ያ ውድ ቸርኬ ተጣሞ አገኘው፤ አላሳዘነውም። በአንድ እጁ እየገፋት፣ በሌላው እማዋይሽን አቅፎ፣ የወሩን ወሬ ሁሉ በጆሮዋ እያወራላት እስከ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ።

ሐኪሙ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማቆየት ግን ከማሽኑ መራቅ እንዳለባት ተናገረ። እማዋይሽ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ወደ ጨርቅ ማጠፊያው ክፍል ተዛወረች። ይርሳው ደግሞ ብስክሌቷን ወደ አያ ሙጬ ወሰደና፣ "እንግዲህ ሁለት ሰው የምትችል አድርገው ያብጁልኝ" አላቸው። አያ ሙጬ መፍቻቸውን አነሱ። ጠንካራ ቸርኬና ወፈር ያለ ጎማ አስገቡላት። ከፊተኛው ሰፋ ያለ መቀመጫ በየዱ፣ የእግር ማሳረፊያም ጨመሩበት። አዲሱን ማርሽ ግን አልነኩትም፤ ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ይጠቅማል አሉ።

ሊወስዷት ባልና ሚስት አብረው በመጡ ቀን፣ ከእሑድ ወዳጆቹ አንዱ ደምሰው ጎማ ሊያስነፋ እዚያው ነበር። ብስክሌቷን በአንድ እጁ ሊያነሳ ሞከረና ከበደችው። ያን ያህል ደክሞ ያቀለላትን ብስክሌት ለምን እንዲህ እንዳበላሻት ይርሳውን ጠየቀው። ይርሳው ፈገግ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና እማዋይሽን ጭኖ ሄደ። ደምሰው አሁንም ስላልገባው፣ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

አያ ሙጬ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ እየራቁ የሚሄዱትን ባልና ሚስት በዓይናቸው ሸኙና እንዲህ አሉት፦ "ልጄ፣ ቀለለ ቀለለ ሲሉ፣ ሰው ጎደለ።"