ሰላምታ የተማረው በግ

ተረት ተረት፣ የገበያ ዕለት።

እንስሳት በሚገበያዩበት ገበያ ዘበኛው አውራ በግ ነበር፤ መጀመሪያ ይወጋል፣ ከዚያ "ማን ነህ?" ይላል። አንድ ማክሰኞ ዶሮ "ሌባ ገባ!" ልትለው ስትሮጥ፣ እሷኑ ወግቶ ጎመን መደብ ላይ ወረወራት። ሌባው ቀበሮ እየሳቀ ወጣ።

ዳኛዋ ኤሊ ፈረደች፦ "ከመውጋትህ በፊት ሰላምታ ስጥ፤ 'እግዜር ይመስገን' እስኪሉህ ጠይቅ። የወጋኸውን ደግሞ አዝለህ እቤቱ ታደርሳለህ!"

ያንኑ ዕለት ዶሮን አዝሎ አደረሰ። ሳምንቱን ሙሉም የገበያውን ዋርካ "እንደምን አደርክ? ቅርንጫፎችህ ደህና ናቸው?" እያለ ሲለማመድ ሰነበተ።

በሳምንቱ ማክሰኞ ዝሆን ከች አለች። በጉ አመሉ ተነሳበትና አቀርቅሮ ተንደረደረ። ግን እሷን አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ ታየው፤ ጉልበቷ ሥር አቧራ አጭሶ ቆመ።

"እን... እንደምን አደሩ እማማ? ከብቱስ ደህና ነው?"

ዝሆን ከብት የላትም። "እግዜር ይመስገን!" ብላ ስትስቅ ገበያው አብሯት በሳቅ ፈረሰ።

ከኋላዋ የዶሮዋ ጫጩት ብቅ አለች። በጉ ቀንዱ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብሎ፣ "አንቺስ እንደምን አደርሽ? እናትሽ ደህና ናት?" አላት።

ዶሮ ከጎመኑ መደብ መለሰችለት፦ "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናት፤ ወገቧን ብቻ ያማታል።"